የልብስ መደብር የሥራ ዕቃዎች በአራት ሰዓት ፈረቃ ሲመዘኑ

ለልብስ መደብር የሚሸጡ የሥራ ዕቃዎች ሲገመገሙ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የሱቁ ባለቤት ነው። ስንት ዓመት ያገለግላል? ሱቁ ውስጥ ያምራል? ተብሎ ይጠየቃል። እዚህ የተመዘኑት ግን በሌላ ሚዛን ነው፤ ከትምህርት ወይም ከሌላ ሥራ በኋላ መጥቶ አራት ሰዓት ብቻ በሚሠራ ሰው እጅ። ቀኑን ሙሉ የሚውል ሠራተኛ የተቀረቀረ ዕቃ አስቀምጦ፣ ሌላ ሌላውን ሠርቶ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለስበታል። የትርፍ ሰዓት ሠራተኛ ሃያ ደቂቃ ከጠፋበት የፈረቃው አንድ አሥራ ሁለተኛ ሄደ። የጀመረውን ሳይጨርስ ይወጣል፤ የሚተካው ደግሞ ሥራው የት ላይ እንደቆመ አያውቅም።

ሒሳቡን በአንድ ካርቶን እንየው። 60 የጥጥ ሸሚዝ ገባ እንበል። ሥራውን የለመደ እጅ አንዱን ሸሚዝ ከላስቲኩ አውጥቶ ለመስቀል 20 ሰከንድ ያህል፣ በእንፋሎት ለማቃናት 90፣ የዋጋ ታግ ለመውጋት 10፣ የስርቆት መከላከያውን ለመግጠም 8 ሰከንድ ይፈጅበታል። ለ60 ሸሚዝ ድምሩ 128 ደቂቃ ነው። ከፈረቃው ግማሽ በላይ አለቀ፤ እስካሁን «ምን ልርዳዎ?» የተባለ ደንበኛ የለም። ከዚህ ውስጥ ዘጠናው ደቂቃ የእንፋሎት ብቻ ስለሆነ ግምገማው ከዚያ ይጀምራል።

የእንፋሎት ካውያ

ሁለት ዓይነት ነው፤ በእጅ የሚያዘውና መሬት ላይ ቆሞ በቱቦ የሚሠራው። በእጅ የሚያዘው ለመደብር አይሆንም። የውሃ መያዣው ብዙ ጊዜ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ በ1000 ዋት ከሠራ አሥር ደቂቃ አካባቢ ላይ ይደርቃል። ከዚያ መሙላት፣ እስኪግል መጠበቅ፣ እንደገና መጀመር ነው። ደግሞም ውሃውና ማሞቂያው ያሉት እጅ ላይ ስለሆነ ከሃያኛው ሸሚዝ በኋላ አንጓ ያማል። ልብስ ለሚታይበት የሱቁ አሻንጉሊት ልብስ ማስተካከያ፣ ለመለኪያ ክፍል ተመላሽ፣ ለአንድ ሁለት ቀሚስ ከሆነ ግን ጥሩ ነው። ሁለተኛ ዕቃ ሆኖ ይገዛ፤ ብቸኛ ዕቃ ሆኖ አይገዛ።

ስለ ጉልበቱ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ከማመን በፊት ትንሽ ማስላት ይጠቅማል። አንድ ሊትር ውሃ ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት እስኪሆን 2.6 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይፈልጋል። 1500 ዋት የሚስብ ማሽን በደቂቃ የሚያገኘው 90 ሺህ ጁል ነው። ስለዚህ ምንም ሳይባክን እንኳ በደቂቃ ከ35 ግራም ያልበለጠ ውሃ ነው ወደ እንፋሎት የሚቀይረው። በዚሁ ጉልበት «በደቂቃ 50 ግራም» ብሎ የሚያስተዋውቅ ዕቃ ወይ ለአፍታ ብቻ የሚወጣውን ግፊት ለክቶ ነው፣ ወይ ከእንፋሎቱ ጋር ጠብታ ይተፋል። ጠብታ የሚተፋ ማሽን ደግሞ ሐርና ሳቲን ላይ ክብ ክብ የውሃ ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱ አንዳንዴ ቢታጠብም አይለቅም። የሚፈለገው 1500 ዋትና ከዚያ በላይ፣ ሁለት ሊትር ገደማ የሚይዝ ታንከር ያለው፣ መሬት ላይ የሚቆም ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ሙሌት አንድ ሰዓት ያህል ያሠራል።

አጠቃቀሙ ላይ የሚበላሸው ነገር ከማሽኑ ይልቅ ከእጅ ነው። ቱቦው ታጥፎ ወይም ወደ ታች ቀለበት ሠርቶ ከተንጠለጠለ እንፋሎቱ እዚያው ይቀዘቅዝና ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል፤ መንቆርቆር ይጀምራል፤ ቀጥሎ ጭንቅላቱ፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት ጫፍ፣ ውሃ ይተፋል። መፍትሔው ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማንሣትና ውሃው ወደ ታንከሩ እስኪመለስ ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ እንፋሎት ልብስ ላይ አለማዋልም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ልብሱ በአንድ እጅ ከታችኛው ጠርዙ ሳብ ተደርጎ ተወጥሮ ይያዛል፤ ጭንቅላቱ ከላይ ወደ ታች በዝግታ ይወርዳል። ያልተወጠረ ጨርቅ ላይ እንፋሎት ማርከፍከፍ ጨርቁን ማርጠብ እንጂ ማቃናት አይደለም። የሸሚዝ ፊት ከውስጥ በኩል ቢመታ ቁልፍና ኪስ አያስቸግሩም። የሚይዘው እጅ ሙቀት የሚከላከል ጓንት ይፈልጋል። አምራቾች አንዱን በነጻ ይጨምራሉ፤ ብዙ ሱቅ ውስጥ ግን ጓንቱ ከመጀመሪያው ሳምንት አያልፍም፤ የት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ በኋላ አብዛኛው አዲስ ሠራተኛ የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ገና የሞቀውንና የረጠበውን ሸሚዝ ከሌሎች ጋር አጠጋግቶ መደርደሪያው ላይ ይሰቅለዋል። እርጥብ ክር የሚደርቀው በያዘው ቅርጽ ነው፤ ተጨፍልቆ ከደረቀ ተጨማዶ ይቀራል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ተራርቆ መሰቀል አለበት።

ጨርቅ ሁሉ እኩል አይደለም። ሱፍና ፖሊስተር በእንፋሎት በደንብ ይቃናሉ። ከፋይ የሚመታው በገበሩ በኩል ብቻ ነው፤ በፊቱ ከተጫኑት ጸጉሩ ይተኛል። በፍታ ግን ማሽኑን ያሳፍረዋል፤ ክሩ ግትር ስለሆነ ሙቀት ብቻ አይበቃውም፣ ጫና ይፈልጋል፣ ስለዚህ ተራ ካውያና ጠረጴዛ ነው መድኃኒቱ። የሸሚዝ ኮሌታና የእጅጌ ጫፍም እንዲሁ። ቆዳ፣ ሱዊድ፣ ሰም የተቀባ ጨርቅና በሙጫ የተለጠፈ ፈርጥ ወደ እንፋሎት አይጠጉም። ጥርጣሬ ካለ የውስጥ ምልክቱ ላይ ያለው የካውያ ሥዕል ይታያል፤ አንድ ነጥብ እስከ 110፣ ሁለት ነጥብ እስከ 150፣ ሦስት ነጥብ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው፤ ከካውያው በታች ያሉ መስመሮች ኤክስ ከተደረገባቸው እንፋሎት ክልክል ነው።

ማሽኑን የሚገድለው ኖራ ነው። ውሃው ተንኖ ሲወጣ በውስጡ የነበረው ካልሲየም እዚያው ይቀራል፤ ማሞቂያው ላይ ይጋገራል፤ ነጭ ቅርፊት ሆኖም ጥቁር ኮት ላይ ይተፋል። የተጣራ ውሃ የሚሻል ሲሆን፣ ካልተገኘ ውሃውን አፍልቶ ማቀዝቀዝና ዝቃጩን ትቶ መቅዳት የኖራውን ከፊል ይቀንሳል። መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ነጭ ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅሎ ግማሽ ሰዓት አቆይቶ ማጠብ ቅርፊቱን ያላቅቃል። ከሁሉ በላይ ግን ፈረቃ ሲዘጋ ውሃው ይደፋ። ማታ የሠራው «ጠዋት የገባው ይደፋዋል» ይላል፣ ጠዋት የገባው «ትናንት የተሞላ ነው» ብሎ ይለኩሳል፤ ማሽኑ በመካከል ይሞታል።

ዘጠናውን ደቂቃ ለመቀነስ ሌላም መንገድ አለ፤ ሁሉንም አለማቃናት። ሹራብና ብዙ ፖሊስተር ያለበት ልብስ ማታ ተራርቆ ከተሰቀለ ጠዋት አብዛኛው ጭምድዱ በራሱ ይወርዳል። በዚህ የተነሣ ካርቶን የመክፈት ሥራ ለማታው ፈረቃ፣ የእንፋሎት ሥራ ለጠዋቱ ቢሰጥ ለሁለቱም ይቀላል።

የታግ መውጊያ

ቅርጹ ሽጉጥ የሚመስለው፣ ጫፉ ላይ ክፍት መርፌ ያለው፣ ሲጫኑት ባለ መስቀለኛ ጫፍ የፕላስቲክ ክር በጨርቁ አሳልፎ ታጉን የሚያንጠለጥለው ዕቃ ነው። ርካሽ ስለሆነ ማንም አስቦ አይገዛውም። ልብስ በማበላሸት ግን ከሱቁ ዕቃዎች ሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው።

በሁለት የመርፌ ልክ ይመጣል፤ ተራና ቀጭን። ተራው ለጂንስ፣ ለኮት፣ ለፎጣ ነው። ቀጭኑ ለሐር፣ ለሺፎን፣ ለስስ ሹራብ። ፕላስቲክ ክሮቻቸውም የተለያዩ ናቸው፤ ቀጭኑ መርፌ የተራውን ክር አያሳልፍም፣ የቀጭኑ ክር ተራው ውስጥ ሲገባ ይላላና ይጣመማል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሱቅ ብዙ ጊዜ ተራውን ይገዛል፤ በኋላ ስስ ሹራብ ላይ ሲወጋበት መርፌው ክሩን ይበጥሳል፣ ቀዳዳው በሳምንት ውስጥ መሰላል ሆኖ ይወርዳል። ሁለቱም ይገዙ፤ እጀታቸው በተለያየ ቀለም ይሁን፣ ካልሆነም ባለ ቀለም ፕላስተር ይጠቅለልባቸው። የክሩ ርዝመት ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ለአብዛኛው ልብስ ይበቃል። ከዚያ ሲያጥር ታጉ ጨርቁን ይጨመድዳል፤ ሲረዝም ከጎረቤት መስቀያ ጋር ይጠላለፋል።

አወጋጉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መርፌው በታጉ ቀዳዳ ይገባል፤ ቀጥሎ በልብሱ ስፌት ላይ ይወጋል፤ እጀታው እስከ መጨረሻው ይጨመቃል፤ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መርፌው ይወጣል። የሚቸኩል እጅ ግማሽ ጨምቆ ይለቅቃል፤ ክሩ ከጥቅሉ ሳይቆረጥ ሁለተኛው ይከተለዋል፤ ሁለቱ መርፌው ውስጥ ይቀረቀራሉ። ሲቀረቀር በጉልበት መጭመቅ መርፌውን ያጣምመዋል። ጥቅሉን ወደ ላይ አውጥቶ፣ የተጣመመውን ክር በመቆንጠጫ ነቅሎ፣ አዲሱን እስከ ታች ማስገባት ነው። ጥቅሉ እስከ ታች አለመግባቱ ለመቀርቀሩ ዋናው ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው የተጣመመ መርፌ ነው። መርፌው ለብቻው የሚለወጥ ሞዴል ከሆነ ትርፍ መርፌ አብሮ ይገዛ፤ የማይለወጥ ከሆነ አይገዛ።

ቦታው ደግሞ መርፌውን ያህል ወሳኝ ነው። የአንገት ምልክቱ በሁለት ጎን ብቻ የተሰፋ ከሆነ ክሩ ከምልክቱ ጀርባ ባለው ክፍተት ያልፋል፣ ምንም አይወጋም፤ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ካልሆነ የብብት ስፌት፣ ወይም የወገብ ቀበቶ ማስገቢያ። ገላው ላይ ፈጽሞ አይወጋም። ቆዳና ሳቲን የተወጋ ቀዳዳ አይዘጋላቸውምና ለእነሱ ገላቸውን ሳይወጉ በክርና በመርፌ ቁልፍ ማንጠልጠል ይበቃል። ሌላው ስሕተት ጨርቁን ከኋላ በጣት ደግፎ መውጋት ነው፤ መርፌው ጨርቅና ጣት አይለይም። ሲያስቀምጡትም ቆብ ያስፈልገዋል። ቆቡ ከጠፋ የወይን ጠርሙስ ቡሽ ልኩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በቅደም ተከተሉ ይበላሻል። ብዙ የዋጋ ወረቀት ያለ ቀለም በሙቀት የሚታተም ነው፤ ወረቀቱ ራሱ ሲሞቅ ይጠቁራል። ታግ ተወግቶለት የተቃና ሸሚዝ ባርኮዱ ጥቁር ካሬ ሆኖ ካሸሩ ጋ ይደርሳል። መቁጠር፣ መስቀል፣ ማቃናት፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ታግ። ይህ ወረቀት መስኮት ዳር በፀሐይ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ማሳያው ላይ ያሉት ልብሶች ዋጋ በየጊዜው ይታይ።

መስቀያ

በገንዘብ ቅደም ተከተል ቢሆን መጀመሪያ መገዛት ያለበት ይህ ነው። ሽቦው ከቁጥር አይገባም፤ ይጣመማል፣ ዝገቱ ነጭ ልብስ ይነካል፣ ትከሻ ላይ ቀንድ ያበቅላል። የከፋይ ልባስ ያለው ቀጭን መስቀያ ለቤት ቁምሳጥን ድንቅ ነው፤ ለመደብር ግን ይጎትታል። የማያንሸራትትበት ጥቅሙ እዚህ ጉዳቱ ነው። ደንበኛ ሲያወጣው ልብሱ ይለጠጣል፤ በፈረቃ መቶ ጊዜ የሚያወጣና የሚያገባ ሠራተኛ በእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይከስራል። እንጨቱ ለኮትና ለሱፍ ያምራል፣ ይከብዳል፣ በደንብ ካልተላገ ደግሞ ሐር ይቧጭራል። ለሸሚዝና ለቀሚስ ሥራውን የሚሠራው ለስላሳ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ትከሻው ላይ ለማሰሪያ የሚሆን ጎድጓዳ ያለው፣ መንጠቆው የብረትና የሚዞር ነው። የፕላስቲክ መንጠቆ ያለው መጀመሪያ የሚሰበረው መንጠቆው ላይ ነው።

ስፋቱ ለአዋቂ ከ42 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጠባብ ልብስ በሰፊ መስቀያ ላይ እጅጌው ላይ ጉብ ይሠራል፤ ሰፊ ልብስ በጠባቡ ላይ ወድቆ ያዝናል። ለኮት የትከሻው ውፍረት አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ለሸሚዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ይህ የቦታ ጉዳይም ነው። 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ዘንግ ላይ ለአንድ ሸሚዝ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከተመደበ 40፣ ለአንድ ኮት ስድስት ከተመደበ 20 ይሰቀላል። ከዚያ በላይ የታጨቀ ዘንግ ደንበኛው አንዱን ሲጎትት ሦስቱን መሬት ይጥላል፤ የሚያነሣው የታወቀ ነው።

ቲሸርትና ሹራብ በአንገቱ በኩል መስቀያ አይገባባቸውም፤ ከታችኛው ጠርዝ ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል። በአንገት የሚያስገባ እጅ በአንድ ወር ውስጥ የሱቁን ክብ አንገት ሁሉ ሰፊ ያደርገዋል። ከባድ ሹራብ ደግሞ ከነጭራሹ አይሰቀልም፤ ክብደቱ ራሱን ይጎትተዋልና ይታጠፋል። የመንጠቆዎቹ አፍ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከሰውየው ወደ ግድግዳው ይዙር። ለውበት ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ጥቅሙ የሚታየው ዘንጉን ባዶ ማድረግ ሲያስፈልግ ነው፤ አሥራ አምስቱ ባንድ እቅፍ ይነሣሉ። አንዱ ከተገለበጠ እዚያው ላይ ይያዛሉ።

ለሱሪና ለጉርድ ባለ መቆንጠጫው ያስፈልጋል፤ የመቆንጠጫው ጥርስ ጎማ የለበሰ መሆኑ ይታይ። ቆዳና ከፋይ ላይ ጎማውም ምልክት ስለሚተው በመካከል ወፍራም ወረቀት ይደረግ።

ማጠፊያ ሰሌዳ

ባለ አራት ክፍል የፕላስቲክ ሰሌዳ ይሸጣል። ልብሱ በፊቱ ተደፍቶ ይተኛበታል፤ ቀኝ ክንፍ፣ ግራ ክንፍ፣ በመጨረሻ የታችኛው ወደ ላይ ይታጠፋል። ለጀማሪ ጥሩ አስተማሪ ነው። ግን ትልቅ ነው፣ መጋጠሚያው ይሰበራል፣ ላርጅ ሲመጣ እጅጌው ያልፈዋል፣ ጠረጴዛ ይይዛል። ከእሱ የሚሻለው ምንም ዋጋ የሌለው ዕቃ ነው፤ ከወፍራም ካርቶን የተቆረጠ 25 በ35 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለበጠ። ከአንገቱ ሥር በጀርባው መሃል ይቀመጣል፤ ሁለቱ ጎኖች ከእነ እጅጌያቸው በላዩ ይታጠፋሉ፤ የታችኛው ግማሽ ወደ ላይ ይመጣል፤ ካርቶኑ ይመዘዛል። ልምድ ያለው እጅ አንዱን በአሥር ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል፤ ደንበኛ የበተነውንም እዚያው መደርደሪያው ፊት ቆሞ ያጥፈዋል።

ልኩ ከመደርደሪያው ይወሰድ። 90 ሴንቲ ሜትር መደርደሪያ ላይ ሦስት ክምር ከታሰበ ለእያንዳንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ እጅ የሚገባበት ክፍተት ሲቀነስ 25 ወይም 26 ነው። ሁሉም ፈረቃ ያንኑ ካርቶን ካልተጠቀመ ጠዋት ሰፊ ማታ ጠባብ ክምር ይሆናል፤ በየፈረቃው እንደ አዲስ ይታጠፋል። የቲሸርት ክምር ከአሥር፣ የሹራብ ከስድስት አይበልጥ፤ ከዚያ ካለፈ የታችኛውን የሚፈልግ ሰው ሁሉንም ያፈርሳል። ስሞል ከላይ፣ ላርጅ ከታች። የእጥፋቱ ክብ ጎን ወደ ደንበኛው ይሁን፤ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ።

የስርቆት መከላከያ ታግ

ሳይከፈልበት የሚወጣ ልብስ መውጫው ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ በር እንዲያስጮኽ የሚገጠመው ታግ ነው። ይህን የሚመርጠው ሠራተኛው አይደለም፤ ስሕተቱ ግን በእሱ ይመጣል። በገበያው ላይ በሰፊው ያሉት ሁለት አሠራሮች ናቸው፤ በ8.2 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው የሬዲዮው፣ እና በ58 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራው አኩስቲክ ማግኔቲክ። የአንዱን ታግ የሌላው በር አይሰማም። ርካሽ ታግ ተገኘ ብሎ በሩን ሳያዩ መግዛት ጌጥ መግዛት ነው።

የሚፈለገው አንድ ዓይነት ቦታ ነው። ሸሚዝ ከሆነ ሁልጊዜ የግራ ጎን ስፌት፣ ሱሪ ከሆነ ሁልጊዜ የግራ እግር የውጭ ስፌት ላይ፣ ለምሳሌ። ካሸሩ ሳይፈልግ እጁ እዚያ ይሄዳል። አንዱ ብብት፣ አንዱ ጠርዝ ላይ ሲያደርግ ነው ታግ ሳይወልቅ ደንበኛ ቤቱ የሚደርሰው፤ ከሱቅ ቅሬታዎች እንደዚህ ሰው የሚያናድድ ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ከፍሎ እንደ ሌባ ተመልሶ መምጣት አለበት። ፒኑ ስፌት ላይ ይገባል፤ ለስስ ሹራብ ቀጭን ፒን፣ ለቆዳና ለቦርሳ የማሰሪያ ገመድ ያለው። ባለ ቀለም ታግ በጉልበት ሲላቀቅ ቀለሙን ልብሱ ላይ ያፈሳል፤ አልወልቅ ያለውን አጣሞ መሞከር አያዋጣም። ብዙ ጊዜ ታጉ ማላቀቂያው ላይ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም ማለት ነው።

ማላቀቂያው ኃይለኛ ማግኔት ነው። የባንክ ካርድና ስልክ አጠገቡ አይቀመጡ፤ የልብ ምት ማስተካከያ በሰውነቱ ያለ ሠራተኛ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ካሸር ላይ አይመደብ። በሩ ያለ ምክንያት የሚጮህ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው በሩ አጠገብ የተሰቀለ ልብስ ነው፤ የሽያጭ ዘንግ ወደ በሩ ተጠግቶ ሲመጣ በሩ ራሱ የሱቁን ዕቃ እየሰማ ይጮሃል። አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት የሚጮህ በር ደግሞ ማንም የማያዳምጠው በር ይሆናል።

ስካነርና ባለ ጎማ ዘንግ

ስካነር ላይ ብዙ የሚባል የለም። ባርኮዱ ከታጠፈ፣ ከተጨማደደ ወይም ላስቲክ ውስጥ ሆኖ መብራት ካንጸባረቀበት አያነብም፤ ስካነሩን ትንሽ ማዘንበል ነጸብራቁን ያጠፋዋል። ቁጥሩ በእጅ ሲገባ አሥራ ሦስተኛው አኃዝ መቆጣጠሪያ ነው። ከግራ ተቆጥሮ ተጋማሽ ቦታ ላይ ያሉት አኃዞች በ3 ተባዝተው ከሌሎቹ ጋር ይደመራሉ፤ ድምሩን ወደ ቀጣዩ አሥር የሚያደርሰው ቁጥር መጨረሻው ላይ ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ አንድ አኃዝ ተሳስቷል። ማሽኑ ይህን ራሱ ያደርገዋል፤ «የለም» ሲል ግን ብዙ ጊዜ የለም ማለቱ ሳይሆን ተሳስተሃል ማለቱ ነው።

ባለ ጎማ ዘንጉ ሲገዛ ዘንጉን ሳይሆን ጎማውን ማየት ነው። አምስት ሴንቲ ሜትር ጎማ በእያንዳንዱ የወለል መጋጠሚያ ላይ ይደነቃቀፋል፤ አሥር ሴንቲ ሜትሩ ያልፋል። መሠረቱ ዜድ ቅርጽ ያለው ባዶ ሲሆን አንዱ በአንዱ ውስጥ ስለሚገባ ጠባብ ስቶር ውስጥ ቦታ ያተርፋል። ጎማዎቹ ላይ ክርና ጸጉር ይጠመጠማል። በሳምንት አንዴ በመቀስ ካልተቆረጠ አንደኛው ጎማ መዞር ያቆማል፣ ዘንጉም ወደ አንድ ጎን እየሳበ ግድግዳ ይቧጭራል። ከባዱ ልብስ ወደ መሃል ይሰቀል፤ አንድ ጫፍ ላይ የተከመረ ኮት መታጠፊያ ላይ ይገለብጠዋል።

ኪስ ውስጥ የሚገቡት

ካርቶን መክፈቻው ምላጩ ራሱ የሚመለስ ዓይነት ይሁን፤ የሚወጣውም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ። አዲስ ልብስ ሱቅ ሳይገባ የሚቀደደው እዚህ ነው፤ ምላጩ በካርቶኑ መሃል ስፌት ጠልቆ ሲሄድ የላይኛውን ሁለት ሦስት ሹራብ ይቀድዳል። የሚሻለው ፕላስተሩን ጫፉ ላይ ብቻ በጥቂቱ ቆርጦ ቀሪውን በእጅ መላጥ ነው።

መቀስ ትንሽ፣ ጫፉ ድቡልቡል። የታግ ክር በመቀስ ይቆረጣል እንጂ አይጎተትም፤ ሲጎተት መስቀለኛ ጫፉ ጨርቁን ይዞ ይመጣል። ቁራጩ ወዲያው ቆሻሻ ውስጥ ይግባ፤ መለኪያ ክፍል ወለል ላይ የቀረ ቁራጭ ባዶ እግር ይወጋል። ጉድፍ ማንሻ ሮለር ጥቁር ልብስ ለሚሸጥ ሱቅ ግዴታ ነው፤ ለከፋይ ግን ብሩሽ ይሻላል፣ ሙጫው ጸጉሩን ይነቅላል።

የልብስ ሜትሩ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ በአንድ ፊት ሴንቲ ሜትር በሌላው ኢንች የተጻፈበት ነው። የጂንስ ቁጥር የተሰየመው በኢንች ስለሆነ 32 ወገብ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን ነበረበት። ሱሪውን ዘርግቶ ወገቡን ከጎን እስከ ጎን ለክቶ በሁለት ማባዛት ግን ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ ቁጥር ያመጣል፤ አምራቹ ደንበኛውን ለማስደሰት ቁጥሩን ያሳንሰዋልና። ለዚህ ነው ሁለት 32 ጂንስ አንድ ሰው ላይ የማይገጥሙት። ደንበኛ የሚወደውን ሱሪ ለብሶ መጥቶ ከሆነ ቁጥሩን መጠየቅ ትቶ እሱን መለካት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ መለኪያ ክፍል ከመመላለስ ያድናል፤ ለተመላሹም የሚታጠፈው አንድ ብቻ ይሆናል። ሜትሩ ጨርቅ ከሆነ ከጊዜ ጋር ይለጠጣል። በየጥቂት ወሩ ከብረት ማስመሪያ አጠገብ ይዘርጋ፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ካለፈ ይጣል።

እስክሪብቶ ደግሞ ወደ ልብስ አይጠጋም። ስቶር ውስጥ የሚጻፈው ሁሉ በእርሳስ ነው።